ሁለት ጭራ ስላላት እንሽላሊትና እግሩ ስለ በዛ እንቍራሪት

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



እንሽላሊት በድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ልጅ ሊይዛት ቢሮጥ፣ ጭራዋን በእጁ ትታለት እንደምታመልጥ የማያውቅ የለም። የተጣለው ጭራ ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ይወራጫል፤ ልጁም ያን እያየ ሲደነቅ ባለቤቲቱ ካቡ ውስጥ ገብታ ትሰወራለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያችው እንሽላሊት አዲስ ጭራ አብቅላ ትታያለች። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን አንድ ተማሪ ጭራዋ እንደ መንሽ ለሁለት የተከፈለ እንሽላሊት ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ቢመጣ ምን ይባላል? አንዱ የመዓት ምልክት ናት ይላል፤ ሌላው ግደሏት ይላል፤ ልጁም ዝም ብሎ የመምህሩን ፊት ይመለከታል። መምህሩ በዚያች ሰዓት የሚሰጠው መልስ በልጁ ልብ ከብዙ ቀን ትምህርት ይልቅ ሊጸና ይችላልና ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

የዚህ ንግግር ጕዳይም ይኸው ነው፤ የተቈረጠ አካል ተመልሶ ስለ መብቀሉ፣ ይልቁንም ሲበቅል ልክ ስቶ ስለ መብዛቱ ወይም ያለ ቦታው ስለ መውጣቱ ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ከእንሽላሊቷ ይጀመር። የእንሽላሊት ጭራ የሚቈረጠው በዘፈቀደ አይደለም። የብዙዎቹ እንሽላሊቶች የጭራ አጥንት አስቀድሞ የተዘጋጀ የመሰበሪያ ቦታ አለው፤ ጠላት ሲይዛት ሥጋዋን አኰማትራ በዚያ ቦታ ላይ ትሰብረዋለች፤ ደሟም ብዙ አይፈስም። አዲሱ ጭራ ግን ከፊተኛው ጋር ትክክል አይደለም። በውስጡ እንደ መቍጠሪያ የተሰካካ አጥንት የለውም፤ በዚያ ፈንታ እንደ ጆሮ የሚታጠፍ ለስላሳ ቧንቧ አለው፤ መልኩና የቅርፊቱ አደራደርም ይለያል። አስተውሎ የሚያይ ሰው አሮጌው ጭራ የት ላይ እንዳለቀና አዲሱ ከየት እንደ ጀመረ በጣቱ ለማመልከት ይችላል።

ጭራው ፈጽሞ ሳይቈረጥ ጐኑ ብቻ ቢሰነጠቅ፣ ወይም እኩሌታው ተሰብሮ ሳይወድቅ ቢቀር ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ሰውነቷ ስብራቱን እንደ መቈረጥ ቈጥሮ ከስንጥቁ አዲስ ጭራ ያበቅላል፤ አሮጌውም ድኖ በቦታው ይቀራል። እንግዲህ ሁለት ጭራ የሚባለው ይህ ነው። በአውስትራሊያ አገር የከርቲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለዚህ ነገር በአራት መቶ ዓመት ውስጥ የተጻፈውን ሁሉ ሰብስበው በ2020 ባወጡት ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለው ነገር ከ175 በሚበልጡ የእንሽላሊት ዓይነቶች ላይ እንደ ታየ አመለከቱ፤ በዱር ካሉት እንሽላሊቶችም በአማካይ ከመቶው 2.75 የሚሆኑት ከአንድ የበለጠ ጭራ ሊኖራቸው እንደሚችል ገመቱ። በአርጀንቲና አገር በ2015 ስድስት ጭራ ያበቀለች ትልቅ እንሽላሊት ተገኝታ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ብርቅ ቢመስልም ካቡን ዘወትር ለሚመለከት እረኛ እጅግ ሩቅ አይደለም። ምልክት ነው የሚሉትም ሰዎች ፈጽመው አልተሳሳቱም፤ በእርግጥ ምልክት ነው፤ ነገር ግን ያለፈ ነገር ምልክት ነው እንጂ የሚመጣ ነገር ምልክት አይደለም። አንድ ቀን ድመት ወይም ወፍ ጭራዋን ይዛ እንደ ነበረ፣ ነገር ግን አጥብቃ እንዳልያዘች ይናገራል።

ይህን የመብቀል ኃይል መጀመሪያ በሚገባ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ የሕፃናት አስተማሪ ነበረ። ስሙ አብርሃም ትራምብሌ ይባላል፤ የዤኔቭ ሰው ነው። በ1740 በሆላንድ አገር በሄግ ከተማ አጠገብ በአንድ መኰንን ቤት ተቀምጦ ሁለት ልጆች ያስተምር ነበር። ከኩሬ ውኃ በብርጭቆ ቀድቶ ሲመለከት ከጭድ የቀጠነ፣ በራሱ ላይ እንደ ክር ያሉ ክንዶች ያሉት አረንጓዴ ፍጥረት አገኘ። አረንጓዴነቱን ሲያይ ተክል መሰለው፤ ሲንቀሳቀስ ቢያይ ደግሞ እንስሳ መሰለው። ስለዚህ፣ ተክል እንደ ሆነ ተቈርጦ ይበቅላል፤ እንስሳ እንደ ሆነ ግን ይሞታል ብሎ በመቀስ ለሁለት ቈረጠው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለቱም ቍራጮች የጐደላቸውን አሟልተው ሙሉ ሆኑ። ይሁን እንጂ ፍጥረቱ ይሄዳል፤ ሌሎች ጥቃቅን እንስሳትን ይዞ ይበላል፤ ያለ ጥርጥር እንስሳ ነው። ትራምብሌ ራሱን ወደ ታች እየሰነጠቀ በአንድ አካል ላይ ሰባት ራስ እስኪወጣ ድረስ ሞከረ፤ እያንዳንዱም ራስ ለብቻው ይበላ ነበር። አንድ ራሱ ሲቈረጥ ሁለት ያበቅላል ተብሎ በግሪኮች ተረት ስለሚነገርለት እባብም ይህ ፍጥረት ሂድራ ተባለ። ሥራው በ1744 በታተመ ጊዜ የኤውሮጳ ሊቃውንት ተደነቁ።

ከዚህ በኋላ ጣሊያናዊው ቄስ ላዛሮ ስፓላንዛኒ በ1768 ስለ ሳላማንደር ጻፈ። ሳላማንደር በመልኩ እንሽላሊት የሚመስል፣ ቆዳው ግን እንደ እንቍራሪት እርጥብ የሆነ፣ በኢትዮጵያ የማይገኝ እንስሳ ነው። እግሩ ቢቈረጥ እግሩን፣ ጭራው ቢቈረጥ ጭራውን፣ መንጋጋውም ቢጐድል መንጋጋውን ያበቅላል። የሚያበቅለውም እግር እንደ እንሽላሊቷ ጭራ የተጭበረበረ አይደለም፤ አጥንቱ፣ ሥጋው፣ ጣቶቹ ሁሉ በቍጥራቸውና በቦታቸው ይመለሳሉ።

ሥራው የሚካሄደው እንዲህ ነው። እግሩ በተቈረጠ በአንድ ቀን ገደማ ቆዳ ቍስሉን ይሸፍነዋል። ከቆዳው በታች ሴል የሚባሉት የሰውነት ጥቃቅን ክፍሎች ይሰበሰቡና እንደ አበባ እንቡጥ ያለ ጕብታ ይሠራሉ። እንቡጡ እያደገ ሄዶ እግር ይሆናል። ወደ ቍስሉ የሚደርሰው ነርቭ አስቀድሞ ከተቈረጠ ግን እንቡጡ አያድግም፤ እግሩም ሳይበቅል ይቀራል። በሰውና በከብት ዘንድ ጠባሳ ቀድሞ መንገዱን ስለሚዘጋው እጅና እግር አይበቅልም። የዚህ ኃይል ርዝራዥ ግን በሰው ላይም አልጠፋም፤ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ የጣታቸው ጫፍ የተቈረጠባቸው ሕፃናት ቍስላቸው ሳይሰፋ በንጽሕና ተሸፍኖ ሲጠበቅ የጣቱ ጫፍ ከነጥፍሩ ተመልሶ እንደሚበቅል በ1974 ተጽፎአል። ከመጨረሻው መጋጠሚያ በላይ የተቈረጠ ጣት ግን አይመለስም።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ሴሎቹ ምን እንደ ጐደለ በምን ያውቃሉ? ከክርን የተቈረጠው ክንድን፣ ከቍርጭምጭሚት የተቈረጠውም መርገጫን ብቻ የሚያበቅለው ስለ ምን ነው? በ1976 ቨርነን ፍሬንች፣ ፒተር ብራያንትና ሱዛን ብራያንት የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የበረሮን፣ የዝንብንና የሳላማንደርን አካል መርምረው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ይኸውም እያንዳንዱ ሴል በአካል ውስጥ ያለበትን ቦታ እንደ ቍጥር ይዞ ይኖራል፤ ቍጥራቸው የተራራቀ ሁለት ሴሎች በቍስል ምክንያት ጐን ለጐን ሲገናኙ በመካከላቸው የጐደለውን ቍጥር እስኪሞሉ ድረስ ይባዛሉ የሚል ነው።

ይህን ለመረዳት የብራና መጽሐፍ ማሰብ ይጠቅማል። ጸሐፊው ቅጠሎቹን ሲቈጥር ከ3ኛው ቅጠል ቀጥሎ 9ኛውን ቢያገኝ በመካከል ያሉት እንደ ጠፉ ያውቃል፤ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ጽፎ በቦታው ያገባል። ነገር ግን ምንም ቅጠል ሳይጠፋ ሌላ ሰው መጽሐፉን ፈትቶ 9ኛውን ቅጠል ከ3ኛው አጠገብ ቢሰፋውስ? ጸሐፊው የተራራቁ ቍጥሮች ተገናኝተው ባየ ጊዜ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ያለውን እንደ ገና ጽፎ ይጨምራል፤ መጽሐፉም አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ የሚናገር ይሆናል። ጸሐፊው አልሰነፈም፤ ደንቡንም አልተላለፈም፤ የተሳሳተው መጽሐፉን የሰፋው ነው። በሳላማንደርም ይኸው ተፈትኖአል። የግራውን እግር እንቡጥ ቈርጠው በቀኝ እግር ጕቶ ላይ በተከሉት ጊዜ፣ ከተተከለው እግር ጐን ብዙውን ጊዜ ሁለት ትርፍ እግሮች በቀሉ።

እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን በ1894 ባወጣው ትልቅ መጽሐፍ እንዲህ ካለ ልክ የወጣ አካል 886 ምሳሌ ሰብስቦ ነበር፤ ጢንዚዛ፣ ሸርጣን፣ እንቍራሪት፣ ሌላም ብዙ ይገኝበታል። ያስተዋለውም ደንብ ይህ ነው፤ ትርፍ እግር አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይወጣም፤ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ ጥንዶቹም እርስ በርሳቸው እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ፣ ወይም ሰው በመስተዋት ፊት ቆሞ እንደሚያየው መልክ ናቸው። ቤትሰን ምክንያቱን አላወቀም ነበር፤ ነገር ግን ደንቡን በትክክል ስለ ጻፈው ከመቶ ዓመት በኋላ ለሌሎች መርማሪዎች እንደ ምስክር አገለገለ። ይህም ወደፊት ይታያል።

መብዛት ብቻ አይደለም፤ ያለ ቦታው የሚወጣም አካል አለ። ኩርት ሄርብስት የሚባል ጀርመናዊ በ1896 እንደ ጻፈው፣ ከሸርጣን ወገን የሆነ አንድ ትንሽ የባሕር እንስሳ ዓይኑ ሲቈረጥ ዓይን ያበቅላል፤ ዓይኑ ከተሸከመችው ዘንግና ከውስጡ የነርቭ ቋጠሮ ጋር ሲቈረጥ ግን በዓይን ፈንታ መዳሰሻ ቀንድ ያበቅላል። በሕንድ አገር በኦሪሳ ደግሞ በ1992 ከዚህ የባሰ ድንቅ ታየ። ተመራማሪዎች ገና እግር ያላወጣውን፣ በጭራው የሚዋኘውን የእንቍራሪት እጭ ጭራ ቈርጠው ቪታሚን ኤ በተጨመረበት ውኃ ውስጥ አኖሩት፤ በጭራው ፈንታ እግሮች በቀሉ። ቪታሚን ኤ በጉበት ውስጥ ያለው ለዓይን የሚጠቅመው ያው ነው፤ በልኩ ሲሆን ምግብ ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ለሴሎቹ የሐሰት ቍጥር ይነግራቸዋል።

ይህ ሁሉ በሊቃውንት ቤት ውስጥ የተደረገ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ሜዳ ላይ ተማሪዎች ያገኙት ነው።

በ1995 በነሐሴ ወር፣ በአሜሪካ በሚኔሶታ ክፍለ አገር ሄንደርሰን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ተማሪዎች ከአስተማሪያቸው ጋር የተፈጥሮ ትምህርት ለመማር ወደ አንድ የእርሻ ኩሬ ወረዱ። እንቍራሪት ሲይዙ የአንዱ የኋላ እግር ተጣሞ አዩ፤ የተሰበረ መሰላቸው። ሁለተኛውንም ያዙ፤ እርሱም እንዲሁ ነው። የያዙት ሁሉ በተቈጠረ ጊዜ ከ22ቱ እንቍራሪቶች እኩሌታቸው ጕድለት ያለባቸው ሆኑ፤ እግር የጐደለው፣ እግሩ የተጣመመ፣ እግሩ የበዛ። ልጆቹ አልሸሹም፤ የመዓት ነገር ነውም አላሉም። ቈጠሩ፤ ጻፉ፤ ፎቶግራፍ አነሡ፤ ለክፍለ አገሩ የውኃና የአየር ንጽሕና ጠባቂ መሥሪያ ቤትም አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ከብዙ የአሜሪካ ክፍላተ አገርና ከካናዳም እንደዚህ ያለ ወሬ ይመጣ ጀመር።

ፍርሃትም ሆነ። እንቍራሪት የሚዋኝበትን ውኃ ከብት ይጠጣዋል፤ ከዚያው ምድርም ሰው ጕድጓድ ቈፍሮ ይቀዳል። በ1997 መሥሪያ ቤቱ የጕድጓድ ውኃቸው ላጠራጠራቸው ቤተ ሰቦች የታሸገ ውኃ እስከ መስጠት ደረሰ። ሦስት ዓይነት ሐሳብ ቀረበ። አንዳንዱ የሰብል ተባይ መግደያ መድኃኒት ወደ ኩሬ ታጥቦ ገብቶ ነው አለ፤ በሕንድ የታየውንም አስታውሶ ቪታሚን ኤን የሚመስል መርዝ ይኖራል ብሎ ጠረጠረ። አንዳንዱ የፀሐይ ብርሃን ጽኑ ጨረር ነው አለ። ሌላው ግን ጥገኛ ትል ነው አለ።

የትሉን ነገር ያነሣው ስታንሊ ሴሽንስ የሚባል ሊቅ ነው። እርሱ የሚኔሶታ ልጆች እንቍራሪታቸውን ሳይዙ አስቀድሞ በካሊፎርኒያ ከአንድ ኩሬ እግራቸው የበዛ እንቍራሪቶችና ሳላማንደሮች መጥተውለት ነበር። ከፍቶ ሲመረምራቸው እግራቸው በሚበቅልበት ቦታ ዙሪያ በከረጢት የተጠቀለሉ የትል ግልገሎች ታጭቀው አገኘ። ትሉ መርዝ ይረጫል ወይስ ሥጋውን ገፍቶ ሴሎቹን ያዛንፋል? ይህን ለመለየት እንደ ትሉ ከረጢት ያነሱ ሕይወት የሌላቸው ጥቃቅን ክብ ፍሬዎችን በጤናማ እጮች የእግር እንቡጥ ውስጥ አገባ። ከእጮቹ አንዳንዶቹ ትርፍ የእግር ክፍል አወጡ። ፍሬው መርዝ የለውም፤ ያደረገው ሴሎቹን ከቦታቸው መግፋት ብቻ ነው፤ ማለት የብራናውን ቅጠል ማዛወር ነው። ይህ በ1990 ታተመ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ልብ ያለው ብዙ አልነበረም።

የቀረው ትሉን ራሱን መፈተን ነበር። ይህን ያደረገው በዚያን ጊዜ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፒተር ጆንሰን ከባልደረቦቹ ጋር ነው። ትሉ ሪቤይሮያ ይባላል። ጤናማ እጮችን ወስደው ይህን ትል ለቀቁባቸው፤ ለሌሎቹ እጮች ሌላ ዓይነት ትል ለቀቁ፤ የቀሩትንም ያለ ምንም ትል አሳደጉ። ሪቤይሮያ ከተለቀቀባቸውና በሕይወት ከቀሩት ውስጥ ከመቶው 85 ወይም ከዚያ የበለጡት እግራቸው ልክ የሳተ ሆነ፤ ትሉ በበዛ መጠንም ጕድለቱ በዛ። ሌላው ትል የተለቀቀባቸው ግን እግራቸው እንደ ጤነኞቹ ሆነ። ይህም በ1999 ታተመ። በዚያው ዓመት ሴሽንስና ባልደረቦቹ 391 እግረ ብዙ እንቍራሪቶችን አንድ በአንድ መረመሩ። ትርፍ እግሮቹ ቤትሰን ከመቶ ዓመት በፊት እንደ ጻፈው እንደ መስተዋት መልክ የተዛመዱ ሆነው ተገኙ፤ ቪታሚን ኤ የሚያመጣው ዓይነት ልክ መሳት ግን አልታየባቸውም። የሙታን ሊቅ ቃል በሕያዋን ክርክር ላይ እንዲህ ፈረደ።

የትሉ ኑሮ ራሱ ለትምህርት ይጠቅማል። ትሉ አድጎ እንቍላል የሚጥለው በውኃ ዳር በሚኖሩ ወፎች ሰውነት ውስጥ ነው። እንቍላሉ ከወፉ ኵስ ጋር ወደ ኩሬ ይወርዳል፤ ከእንቍላሉ የሚወጣው ጥቃቅን ፍጥረት ወደ ቀንድ አውጣ ይገባል፤ በቀንድ አውጣው ውስጥ ተባዝቶ ቀንድ አውጣውን መካን ያደርገዋል። ከዚያም እየዋኘ ወጥቶ የእንቍራሪቱን እጭ ፈልጎ የኋላ እግሩ ሊበቅል ባለበት ቦታ ቆዳውን ሰርስሮ ይገባል። እግሩ ካደገ በኋላ ቢገባ ጕዳቱ ትንሽ ነው፤ እንቡጡ ገና ሲነሣ ቢገባ ግን እግሩ ይበዛል ወይም ይጣመማል። እንደዚህ ያለ እንቍራሪት በደንብ ሊዘል አይችልም፤ ወፍም በቀላሉ ይይዘዋል ተብሎ ይታሰባል፤ ትሉም ወደ ተነሣበት ወደ ወፉ ሰውነት ይመለሳል።

ነገሩ ግን በዚህ ብቻ ያለቀ እንዳይመስል። ሪቤይሮያ የሁሉ ኩሬ ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። እግር ለጐደላቸው እንቍራሪቶችና ጕርጦች ሌላ ተጠያቂ አለ፤ በ2009 በታተመ ምርመራ በእንግሊዝ አገር ኩሬዎች የውኃ ተርብ እጭ የጕርጡን እጭ በእጆቹ ይዞ እግሩን ብቻ እየነከሰ እንደሚበላ ታየ። የተነከሰው እጭ ሕፃን እንደ ሆነ እግሩን መልሶ ያበቅላል፤ ትልቅ እንደ ሆነ ግን እንቍራሪትም ጕርጥም ሲያድግ የመብቀል ኃይሉን ስለሚያጣ ጐደሎ ሆኖ ይቀራል። የገበሬው መድኃኒትና ማዳበሪያም ፈጽሞ ነጻ አልወጣም። ጆንሰንና ባልደረቦቹ በ2007 እንዳሳዩት፣ ማዳበሪያ የሚሆነው ንጥረ ነገር ወደ ኩሬ ሲገባ በውኃው ውስጥ አረንጓዴው ምግብ ይበዛል፤ እርሱን የሚበላው ቀንድ አውጣ ይበዛል፤ በቀንድ አውጣው ውስጥ የሚባዛው ትልም ይበዛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እርሻውን የጠረጠረውና ትሉን የጠረጠረው ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ግን አንዱ የሌላውን መንገድ አላወቀም ነበር።

በኢትዮጵያ ስለ ቀንድ አውጣና ስለ ትል የሚነገረው ነገር እንግዳ አይደለም። ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል የዚሁ የእንቍራሪቱ ትል የሩቅ ዘመድ ነው፤ እርሱም በቀንድ አውጣ ውስጥ ተባዝቶ እየዋኘ ወጥቶ በውኃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሲመለከቱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ፤ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድልም ከዚህ ተነሥተው አረጋገጡ። እናቶች ዘወትር የሚያደርጉትን ሥራ ቆሞ ከማየት የተገኘ ዕውቀት ነው። የእንቍራሪቱ ትል ሰውን እንደሚጐዳ ግን የሚታወቅ ነገር የለም፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ሽማግሎች አንድ ነገር ይጠይቁ ይሆናል። አምስት እግር ይዞ የተወለደ ጥጃስ? እርሱ ከዚህ ነገር አይቈጠርም። ጥጃው እግሩ ተቈርጦበት አልበቀለም፤ በእናቱ ማሕፀን ሳለ የአካሉ ሥራ ሲጀመር የሆነ መሳሳት ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ይመሳሰላሉ፤ በጥጃውም በእንሽላሊቷም ዘንድ የጐረቤት ዓይን፣ የባለቤቱም ኀጢአት ምክንያት አይደለም። ስለ አንድ ጥጃ እግር ተብሎ ዝምድና ሊቈረጥ፣ አሮጊትም ልትታማ አይገባም።

መምህራንም ይህን ለማስተማር ምላጭ አያስፈልጋቸውም። ልጆች የእንሽላሊት ጭራ እንዲቈርጡ ማዘዝ ክፉ ልማድ ማስተማር ነው፤ ድመትና ወፍ የሠሩት በቂ ነው። የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ ነው። ክረምት ሲወጣ በሰፈሩ ኩሬ የተገኙት እንቍራሪቶች ስንት እንደ ሆኑ፣ ከነዚያም ስንቱ እግሩ የጐደለ ወይም የበዛ እንደ ሆነ፣ ቀኑና ቦታው ይጻፍ። ጤነኞቹም ይቈጠሩ፤ ጕደሎዎቹን ብቻ የቈጠረ ሰው ምንም አልቈጠረም። በየዓመቱ እንዲህ ከተጻፈ ከዓመት ወደ ዓመት ለማስተያየት ይቻላል። ከ22ቱ እንቍራሪቶች እኩሌታው የሚለውን ቃል ዓለም የሰማው እነዚያ የሚኔሶታ ተማሪዎች ደኅናዎቹን አብረው ስለ ቈጠሩ ነው።

እንግዲህ ልጁ ሁለት ጭራ ያላትን እንሽላሊት ይዞ በበሩ በቆመ ጊዜ፣ መምህሩ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ልጆቹን ዙሪያውን ያቁማቸው። ከሁለቱ ጭራዎች የፊተኛው የትኛው ነው ብሎ ይጠይቅ፤ ከዚያም ልጆቹ ቅርፊቱንና መልኩን አስተያይተው ራሳቸው እስኪናገሩ ድረስ ዝም ቢል ይሻላል። አንዱ ልጅ ሥዕሏን ይንደፍ፤ ሌላው ቀኑንና የተያዘችበትን ስፍራ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ያመጣት ልጅ ራሱ ወስዶ በካቡ ላይ ይልቀቃት።